ሙቀት የሚያመው ጉልበት

የሰው ጉልበት የሚያመው ብርድ ሲነካው ነው። ቀስ በቀስ የሚሉትን ሹፌር ጉልበት ግን የሚያመው ሙቀት ነበር። ሚስቱ ይህን ለጎረቤት ሁሉ ስትናገር ኖራለች።

"የእኔ ባል ነገረ ሥራው ሁሉ ከሰው ይለያል" ትላለች። "ማለዳ ብርዱ አጥንት ሲሰብር ምንም አይለው። ፀሐይ ወጥታ ዳገቱን ስንጀምር፣ ወይ መንገድ ተጨናንቆ ስንቆም፣ ያን ጊዜ እጁን ዝቅ አድርጎ ጉልበቱን ይነካል።"

ጎረቤቶቿ ይስቃሉ። እሷ ግን ማታ ማታ የቅባቱን ጠርሙስ ከመስኮቱ ደፍ ላይ ታነሣና የግራ ጉልበቱን ታሽለታለች። እሱም ዓይኑን ጨፍኖ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ዝም ብሎ ይታሻል።

ቀስ በቀስ ያሉት ባልንጀሮቹ ሹፌሮች ናቸው። ዕድሜውን ሁሉ የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ አንዲት አሮጌ ግራጫ መኪና ለራሱ ገዛ። እሷንም ቢሆን እንደ አራስ ነበር የሚይዛት። ከኋላው የሚመጣው ሁሉ ጥሩምባ እየነፋ ያልፈዋል፤ እሱ እጁን አውጥቶ "እለፍ ወንድሜ፣ አንተን የሚጠብቅህ ሰው አለ መሰለኝ" ይላል። ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያወልቅ ልቡ ቀጥ አለች። አንዱን እግር አውልቆ፣ አንዱን ሳያወልቅ ሄደ። ዕድሜውን ሙሉ ያልቸኮለ ሰው ያን ቀን ብቻ ቸኮለ።

ከዚያ ወዲህ መሪውን የያዘችው ልጁ ናት። መያዝም ግድ ሆነባት። እናቷ ኩላሊቷ ደክሟል፤ ደሟ በማሽን መታጠብ አለበት፤ ማሽኑ ያለበት ሆስፒታል ደግሞ ከዳገቱ ማዶ ነው። ቀኑ ሲደርስ ዛሬ ይቅር፣ ነገ እንሄዳለን የሚባል ነገር የለም። አባቷ መንዳት ያስተማራት ሜዳ ላይ ነው፣ ማለዳ፣ መንገዱ ጭር ሲል። ዳገቱን አብረው ወጥተውት አያውቁም። ጊዜ አለን ብለው ነበር።

መኪናዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የፈላችው በዚያው ዳገት ወገብ ላይ ነው። ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ተትጎለጎለ፤ ልጅቷ ወደ ዳር አውጥታ አቆመችና ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ሌላ መኪና ለምነው ሆስፒታል ሲደርሱ ተራቸው አልፎ፣ ማሽኑ ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል። ያን ሌሊት እናት መተኛት አቃታት፤ ትንፋሽ እያጠራት ትራስ ተደግፋ አነጋች። ልጅቷ መኪናዋን ወስዳ ራዲያተሩን አሳጠበች፣ ውሃውን አስቀየረች። በሚቀጥለው ቀጠሮ እዚያው ቦታ፣ እዚያው ድንጋይ አጠገብ፣ ድጋሚ ፈላች።

ይህን ጊዜ የእናት ታናሽ ወንድም መጣ። ሲሚንቶና ቆርቆሮ የሚነግድ፣ ድምፁ ከሱቁ የሚሰፋ፣ ልቡ ግን ከድምፁ የሚሰፋ ሰው ነው። ቤቱ ከሆስፒታሉ አጥር ሥር ነው።

"እታለም፣ በቃ" አላት፣ በሩ ላይ እንደቆመ። "ይቺ መኪና ሰውየውን ተከትላ ልትሄድ ነው። ነገ ዳገቱ ላይ ከቆመች፣ ጨርቅሽን ጠቅልለሽ እኔ ቤት ነው። በእግርሽ ትመላለሻለሽ።"

"ልጄስ?"

"ልጅሽ ትልቅ ሰው ናት። ደግሞም..." ድምፁን ዝቅ ያደረገ መሰለው፤ አላደረገም፤ "አባቷ ሲነዳት አንድ ቀን ፈልታ አታውቅም። እጅ ነው ጉዳዩ።"

ልጅቷ ጓዳ ሆና ሰማች። እናትም መስማቷን አወቀች፤ ሣህን ማጠቡ ሲቋረጥ ታወቃት። ወንድሟን ትወደዋለች። ግን ባሏ በገዛ እጁ የቀባውን በር፣ የራሷን አልጋ፣ የራሷን መስኮት ትታ በሰው ቤት ታማሚ ሆና መቀመጥ ታያት። ከዚያ የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። እሷ ከሄደች ልጅቱ በዚህ ቤት ብቻዋን ተቀምጣ "እናቴን ያስወጣኋት እኔ ነኝ፣ የአባቴን መኪና ያበላሸሁ እኔ ነኝ" እያለች ትኖራለች። እናት የፈራችው ይህንን ነው።

"እንግዲያው ዛሬውኑ ሌላ መካኒክ ይያት" አለች። "እኔም እሄዳለሁ። አንተም ና።"

መካኒኩን ጥርጥር ይሉታል። ሳይፈትን ምንም ነገር አያምንም፤ አዲስ አምፖል እንኳ ከካርቶኑ አውጥቶ ሳያበራ አይገጥምም። ግቢው ዘይት የጠጣ ጥቁር መሬት ነው። ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ከአውቶቡስ የተነቀለ አግዳሚ ወንበር አለ፤ እናትን እዚያ አስቀመጧት። ወንድሟ አጠገቧ ቆመ። ሱቁ ውስጥ ሠራተኛ ሲያዝ እንደለመደው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ሥራ ሊያሠራ።

ጥርጥር ኮፈኑን ሳይከፍት ልጅቷን ይጠይቃት ጀመር።

"የት ነው የምትፈላው?"

"ዳገቱ ላይ።"

"ሜዳ ላይ ስትሮጥስ?"

"ምንም አትል።"

"መንገድ ተዘግቶ ስትቆሚስ?"

"የሙቀት መርፌዋ ትወጣለች። ከዚያ መንገዱ ሲለቀቅ ትወርዳለች።"

"ነፋስ ስታገኝ ትበርዳለች፣ ነፋስ ስታጣ ትቃጠላለች" አለ ለራሱ። "ማቀዝቀዣ ፋኗ ስትዞር ሰምተሽ ታውቂያለሽ?"

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። "ፋን... ምን ዓይነት ድምፅ ነው ያለው?"

"ይኸው!" አለ አጎቷ። "አላልኩም? እጅ ነው!"

"ጋሼ" አለ ጥርጥር ፊቱን ሳያዞር፣ "እጅ ራዲያተር አያፈላም። ቆይ ልያት።"

ሞተሩን አስነሥቶ ዝም ብሎ ጠበቀ። መርፌዋ ቀስ እያለች ወጣች፤ ከግማሽ አለፈች፤ ወደ ቀዩ ተጠጋች። ከራዲያተሩ ኋላ ያለችው ፋን ንቅንቅ አላለችም። ሞተሩን አጠፋና ቁልፉን ብቻ ከፍቶ ተወው።

"እትዬ፣ እንዳይደነግጡ ድምፅ ይኖራል" አላት እናትን። ከዚያ ለልጅቷ አሳያት። "ይቺ ራዲያተሩ ጎን ላይ የተጠመደችው ስዊች ናት። ሥራዋ ውሃው ሲሞቅ ሁለቱን ገመድ ማገናኘት ነው። ስታገናኝ ፋኗ ትዞራለች፤ ውሃው ሲበርድ ትለቃለች። ከእሷ በቀር ፋኗን የሚቀሰቅሳት የለም። አሁን እሷን ከመሃል አወጣለሁ።"

ሶኬቱን ከስዊቿ ላይ ነቀለና፣ ሁለቱን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኛቸው።

ፋኗ ተነሣች። መጀመሪያ ጉርምርም አለች፤ ከዚያ ድምፅዋ ወፍሮ ግቢውን ሞላው፤ አቧራና ደረቅ ቅጠል ከሥሯ በረረ።

እናት ከአግዳሚው ላይ ብድግ አለች። ወንድሟ ክንዷን ያዘ። "ምነው እታለም? አመመሽ?"

"ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ" አለች።

"የፋን ድምፅ ነው።"

"አይደለም። የዳገቱ ድምፅ ነው።" ዓይኗ መኪናዋ ላይ ቀረ። "ዳገቱን ስንጀምር ይመጣል። እኔ መኪና ሁሉ ዳገት ሲከብደው እንዲህ የሚያጉረመርም ይመስለኝ ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ ግን ሰምቼው አላውቅም።"

ጥርጥር ሽቦውን አወጣ። ፋኗ እየዛለች ቆመች። ሰውየው ወደ እናት ዞረ።

"እንግዲህ ፋኗ ጤነኛ ናት፣ ፊውዙም ገመዱም ጤነኛ ነው። የሞተችው ስዊቿ ናት" አለ። "ነገር ግን አሟሟቷ የዛሬ አይደለም። ዝገቷን እዩት። ከሞተች ዓመታት አልፏታል። እና ባለቤትዎ ይህን ሁሉ ዘመን ዳገቱን በምን ወጡት?"

ጥርጥር ተመልሶ ጎነበሰ። ሶኬቱን በጣቶቹ አገላበጠው፤ ከኋላው ጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለ ነገር አገኘ፤ ቀስ ብሎ ላጠው።

"እዚህ የሰው እጅ አለ" አለ። "ፋብሪካ ያላወቃቸው ሁለት ቀጫጭን ገመዶች። ሥራው ንጹሕ ነው። የቸኮለ ሰው ሥራ አይደለም።"

ገመዶቹን በጣቱ እየተከተለ ሄደ። በሞተሩ ጥግ አለፉ፣ በጎማ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገቡ። የሹፌሩን በር ከፍቶ በጀርባው ተንጋለለና ራሱን ከመሪው ሥር አስገባ። ድምፁ ከዚያ ውስጥ መጣ።

"ይቺ ማብሪያ የምንድን ናት?"

"የትኛዋ?" አለች ልጅቷ ጎንበስ ብላ። "እሷማ የሬዲዮው ናት መሰለኝ። ሬዲዮው ከተበላሸ ቆይቷል። ነክቻት አላውቅም።"

ጥርጥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ ጠረገ። "እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ባለቤትዎ ዳገቱ ሥር ሲደርሱ እጃቸው ወዴት ይሄድ ነበር?"

እናት ክንዷን ከወንድሟ ለቀቀች፤ እየተራመደች መጥታ በሹፌሩ በር በኩል ገባችና መሪው ፊት ተቀመጠች። ስንት ዘመን በዚያች መኪና ሄዳ፣ በዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው። ወንበሩ በባሏ ቅርጽ ጎድጉዷል። ጥርጥር ሶኬቱን መልሶ ሰክቶ "ይሞክሩት" አላት። ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ከጎኑ ተቀምጣ ስታየው እንደኖረችው፣ ግራ እጇን ቀስ አድርጋ ወደ ጉልበቷ አወረደች። ጣቷ ጉልበቷ ላይ ከመድረሱ በፊት አንዲት ትንሽ ነገር ነካ። ጫነችው።

የዳገቱ ድምፅ መጣ።

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። አጎቷ ቀስ ብሎ፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ ድምፁ ከሱቁ ጠቦ፣ "ጉልበቱን..." አለ።

"ጤነኛ ጉልበት ሳሽ ነው የኖርኩት" አለች እናት።

የሚስቅ አልነበረም። እሷ እጇን ሳታነሣ ተቀመጠች። ከሆስፒታል የኩላሊቷን ነገር ሰምተው የተመለሱበት ሰሞን ትዝ አላት። ያኔ ነው የጀመረው። ዳገቱ ላይ እጁን ዝቅ ሲያደርግ አይታ "ምን ሆነህ ነው?" አለችው። "ምንም፣ ጉልበቴን ነው" አላት። እሷ በዚያ ወራት ጥላዋ ያስደነግጣት ነበር፤ በር ሲንኳኳ ትነሣ ነበር። መኪናዋ ልትፈላ ትችላለች ብትባል ኖሮ በዚያ መንገድ ላይ ትንፋሿን ይዛ ነበር የምትሄደው። ስለዚህ ስዊቿ ስትሞት ለማንም ሳይነግር፣ ለጊዜው ብሎ ገመድ ቀጠለ። ለጊዜው የተባለ ነገር ዕድሜው ረጅም ነው፤ ከሠራው ሰውም ይረዝማል።

"ዋሸኝ" አለች።

"እማ፣ እንዳትፈሪ ብሎ ነው" አለች ልጅቷ ከመኪናዋ አጠገብ በርከክ ብላ።

"አውቃለሁ የኔ ልጅ። ይጠፋኛል? እኔ ግን ስፈራ ነው የኖርኩት። በመኪናዋ ፈንታ ለጉልበቱ። አንድ ቀን መራመድ ያቅተዋል፣ ከእኔ በፊት ይወድቃል እያልኩ።" ማብሪያዋን አጠፋቻት። "እሱም ለብቻው ፈራ፣ እኔም ለብቻዬ ፈራሁ። እዚህች ጠባብ ቦታ ላይ ተቀምጠን።" ከዚያ የልጅቷን አገጭ ይዛ ቀና አደረገቻት። "አንቺ ምንም አላበላሸሽም። ሰማሽ? የተበላሸ ዕቃ ነው የወረስሽው፤ መላውን ሳይነግሩሽ።"

ልጅቷ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። አባቷ ሲቀበር እንኳ እንዲያ አላለቀሰችም።

አጎቷ ጉሮሮውን ጠራረገ። "እኔ ግን... እጅ ነው ጉዳዩ ብዬ ነበር እኮ" አለ።

"እውነትዎን ነው ጋሼ" አለ ጥርጥር። "የማን እጅ እንደሆነ ነው የሳቱት። አሁን ስዊች ገዝተው ይምጡ፤ ጉልበትዎ ደግሞ እንደ ሟቹ መንገድ ላይ እንዳያምዎ፣ ሱቁ ይዘጋል።"

አጎት ሮጠ ለማለት ይቻላል። እሱ እስኪመለስ ራዲያተሩ በረደ፤ ጥርጥር አሮጌዋን ስዊች ፈታ። ቂጡ የጠቆረ ድስት ውስጥ ውሃ ሞልቶ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ጣደ፤ ስዊቿን በሽቦ አንጠልጥሎ አፏን ውሃው ውስጥ ነከረ፤ ከጭራዋ ወደ ባትሪ ገመድ ዘርግቶ መሃል ላይ ትንሽ አምፖል አሰረ።

"ውሃው ሊፈላ ሲቃረብ አምፖሏ መብራት አለባት" አለ። "ካልበራች ሞታለች። ሬሳ ነው ብለን እንኳ ሳናረጋግጥ አንቀብርም።"

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ እናትን አይቶ ደነገጠ። እሷ ግን "ትክክል ነህ" አለችው።

ውሃው ፈላ፣ ተንተከተከ፣ ከድስቱ ዘሎ ምድጃው ላይ ጮኸ። አምፖሏ ጨለማ ናት። ጥርጥር አሮጌዋን አውጥቶ እናት መዳፍ ላይ በጨርቅ አድርጎ አስቀመጠላት። ትኩስ ነበረች፤ ከአውራ ጣት የማትበልጥ ብረት።

አጎት እያለከለከ አዲሷን ይዞ ገባ። "በል ግጠማት!"

"አዲስ ናት ብዬ አላምናትም" አለ ጥርጥር፤ ቀዝቃዛ ውሃ ጨመረና እሷንም ነከራት።

አራቱም ድስቱን ከበው ቆሙ። አጎት "የሚበላ ነገር የተጣደ ነው የሚመስለው" ቢል የሳቀለት አልነበረም። ከድስቱ ግርጌ ትንንሽ አረፋ መነሣት ጀመረ። እናት ትንፋሿን ይዛ አየች። ውሃው ገና ሳይንተከተክ፣ ዳር ዳሩ ሲርገበገብ፣ አምፖሏ ቦግ አለች። ድስቱን አወረደው፤ እየበረደ ሲሄድ ጠፋች። መልሶ ጣደ፤ መልሳ በራች።

"ይቺ ታውቃለች" አለ ጥርጥር፣ ገጠማትም። ሞተሩን አስነሥተው ጠበቁ፤ መርፌዋ ከግማሽ እንዳለፈች ፋኗ ሰው ሳይነካት በራሷ ተነሣች። ከዚያ ጥርጥር ፒንሳውን አንሥቶ ወደ ቀጫጭኖቹ ገመዶች ጠጋ አለ። "እነዚህን እንግዲህ ልቁረጣቸው?"

"ቁረጥ!" አለ አጎት።

"አይቆረጥም!" አለች ልጅቷ። "የአባቴ እጅ ነው።"

ሁለቱም ወደ እናት ዞሩ። እናት አሮጌዋን ስዊች በመዳፏ እያገላበጠች አሰበች።

"አትቁረጠው" አለች። "ግን ከተደበቀበት አውጣው። መሃል ላይ አድርገው፣ በእኔና በእሷ መካከል፣ የእኔም እጅ የሚደርስበት ቦታ። ያቺንም መርፌ አሳየኝ፤ የቱ ጋ ስትደርስ ነው ክፉው? ከእንግዲህ እዚህ መኪና ውስጥ ማንም ሰው ለብቻው የሚፈራው ነገር እንዲኖር አልፈልግም።"

ጥርጥር ማብሪያዋን ፈትቶ መሃል ላይ፣ ከማርሹ ፊት፣ አጥብቆ አሰራት።

በማግስቱ ማለዳ ተነሡ። አጎት ቃሉን ሊያስጠብቅ አብሮ መጣ፤ ከእህቱ ጓዳ የውሃ ጀሪካን ሞልቶ፣ የኋላ ወንበር ላይ እንደ ሕፃን ታቅፎ ተቀመጠ። ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ልጅቷ ማርሽ ቀነሰች። ከፊታቸው ጭነት መኪና እያቃሰተ ይወጣል፤ ማለፍ የለም፤ ነፋስ የለም። መርፌዋ መውጣት ጀመረች።

"ግማሽ" አለች እናት ጮክ ብላ።

"አየሁት እማ።"

"አለፈች።"

ያ ድንጋይ መጣ። ሁለት ጊዜ የቆሙበት። የእናት ጣት ማብሪያዋ ላይ ነው፤ አልጫነችውም። የልጅቷ ከንፈር ደርቋል። ከኋላ የጀሪካኑ ውሃ ቦጭ ቦጭ ይላል፤ ከዚያ በቀር ድምፅ የለም። መርፌዋ አንዲት ስንዝር የማትሞላ መንገዷን እየተሳበች ወጣች።

ያን ጊዜ የዳገቱ ድምፅ መጣ፣ ማንም ሳይጠራው።

መርፌዋ ቆመች። ተንጠልጥላ ቆየች። ከዚያ ቀስ እያለች ወረደች። ድንጋዩ በመስኮቱ በኩል ወደ ኋላ ሄደ። እናት እጇን ከማብሪያዋ አነሣች፤ የት እንደምታሳርፈው ግራ የገባት ይመስል አየር ላይ አቆየችው፤ ኋላ የልጅቷ ጉልበት ላይ አሳረፈችው። እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ አላነሣችውም።

በሩ ላይ ወረዱ። ማሽኑ ይጠብቃታል፤ ተራዋ አላለፈም። አጎት ጀሪካኑን ታቅፎ ጥቂት ቆመ። ወዲያ የራሱ ቤት ጣሪያ በአጥሩ ላይ ይታያል፤ አንድ ጊዜ ወደዚያ አየ። ከዚያ ክዳኑን ፈታና ውሃውን ሁሉ አጥሩ ሥር ለተተከለች ችግኝ አፈሰሰላት። አንዲት ጠብታ እስከማትቀር ጀሪካኑን ደፍቶ ያዘው።

እናት ከደረጃው ላይ ዞር ብላ አየችው።

"ጀሪካኑን እዚያ እንዳትጥለው" አለችው። "የቤቴ ዕቃ ነው። ስንመለስ ይዘነው እንገባለን።"